ቱርቦው ባልበላው ዕዳ እንዳይጠየቅ፦ ከመቀየራችሁ በፊት እንዴት ትፈትሹታላችሁ?

መኪና ዳገት ላይ ሲለግም ወይም ሲያጨስ ቀድሞ የሚታማው ቱርቦው ነው። እኔም አንዴ ልቀይረው ቆርጬ ነበር። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛ ሆና የተገኘችው ከሥር የተሰነጠቀች የአየር ጎማ (የተጨመቀውን አየር ወደ ሞተር የምታደርስ ቱቦ) ነች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማየው።

1. መጀመሪያ ምን እንዳለባችሁ ለዩ

ቱርቦም ሱፐርቻርጀርም አየር ጨምቀው ወደ ሞተር ይገፋሉ። ልዩነቱ የሚያዞራቸው ነገር ላይ ነው። ሱፐርቻርጀርን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ ወዲያው ይመልሳል፣ ግን ከሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ቱርቦን የሚያዞረው ወደ ማርሚታ የሚሄደው ጭስ ነው። “በነፃ የተገኘ ጉልበት” የሚሉት ለዚህ ነው፤ ነገሩ ግን ሙሉ በሙሉ እንደዚያ አይደለም። የጭሱ መውጫ ስለሚጠብ ሞተሩ ጭሱን ለማስወጣት መታገል አለበት።

ኢንተርኩለር ደግሞ ራዲያተር ስለሚመስል ሞተር የሚያቀዘቅዝ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የሚያቀዘቅዘው የተጨመቀውን አየር ነው። ብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንዴት እንደሚግል ያውቃል። ቱርቦ ውስጥም እንደዚያው ነው፤ አየሩ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ትኩስ አየር ስስ ነው፤ ሲበርድ ይታመቃል፣ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ኦክስጅንም ይበዛል። ግፊት ይጨምራል የሚባለው ግን ስህተት ነው፤ እንዲያውም ጥቂት ይቀንሳል። ትልቅ ኢንተርኩለር መግጠምም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ የሚሞላው ቦታ ሲሰፋ የመኪናው ምላሽ ሊዘገይ ይችላል።

2. ጎማዎቹን በእጃችሁ ዳስሱ

ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ከቱርቦ እስከ ኢንተርኩለር፣ ከዚያም እስከ ሞተር ያሉትን የአየር ጎማዎች ከሥራቸው ጭምር ዳስሱ። ማሰሪያው አካባቢ ዘይት የጠጣ ጥቁር አቧራ ካለ አየር የሚያመልጠው በዚያ ሊሆን ይችላል። ናፍጣ መኪና ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ ሲተፋ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

3. ጎማውን ፈትታችሁ ውስጡን እዩ

ስስ የዘይት ወዝ ካያችሁ አትደንግጡ። የሞተሩ የውስጥ ትነት ወደ አየር መሳቢያው ስለሚመለስ የተለመደ ነገር ነው። ዘይት ከተጠራቀመ ግን ያሳስባል። ያኔም ቢሆን በቱርቦው ከመፍረዳችሁ በፊት የዘይት መመለሻ ቱቦውና የሞተሩ መተንፈሻ መዘጋታቸውን አጣሩ። ዘይት መውረጃ ሲያጣ በቱርቦው በኩል መውጣቱ አይቀርም።

4. ዘንጉን በጣታችሁ ነቅንቁ

አሁንም ሞተሩ እንደጠፋ ነው። ዘንጉ የቱርቦው ክንፎች የተተከሉበት ብረት ነው፤ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊዞር ይችላል፤ ቀልድ የለውም። ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ “አለቀለት” የሚል መካኒክ አይጠፋም። ግን ብዙ ቱርቦዎች ላይ ዘንጉ በዘይት ላይ ተንሳፎ ስለሚዞር ትንሽ ክፍተት ሆን ተብሎ የተተወ ነው። የሚያሰጋው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚሳብ ከሆነ ወይም ክንፎቹ ግድግዳውን ከጫሩ ነው።

5. መቀየር ግድ ከሆነ

የመጀመሪያውን የገደለውን ሳታገኙ አዲስ አታስገጥሙ። ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ፣ የዘይት ማስገቢያ ቱቦውንም አብራችሁ። ቆሻሻ የያዘ ቱቦ አዲሱንም በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል።

“ከማጥፋታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ጠብቁ” የሚለው ምክርስ? የመጨረሻዎቹን ኪሎሜትሮች ረጋ ብላችሁ ከነዳችሁ አያስፈልግም። ረጅም ዳገት ከወጣችሁ ወይም ሸክም ከጎተታችሁ በኋላ ግን አንድ ሁለት ደቂቃ ነዳጅ ሳትረግጡ በሚኒሞ ይቆይ፤ አለዚያ የጋለው ዘንግ ላይ የቀረው ዘይት አሮ ከሰል ይሆናል። ከሁሉ የከፋው አንዳንዶች የሚወዱት ነገር ነው፦ አንዴ ነዳጅ ረግጦ፣ አስጩሆ፣ ቁልፉን ማጥፋት። ዘይቱ ይቆማል፣ ዘንጉ ግን ገና እየበረረ ነው።