የባንክ ዕዳ ያለበትን ቤት እንዴት መሸጥና መግዛት ይቻላል?

በቤት ብድር የተያዘ ቤት ይሸጣል ወይ? ይሸጣል። ይገዛልስ? ይገዛል፤ ነገር ግን ገንዘቡና ወረቀቱ የሚሄዱበት ቅደም ተከተል ከተዛባ ገዢ ከቤቱም ከገንዘቡም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ሻጭም ቤቱን አስረክቦ ዕዳው አንገቱ ላይ ሊቀር ይችላል።

መጀመሪያ ይህን ይያዙ። ሻጩ ብድሩን ሲወስድ የፈረመው ሁለት ነገር ነው። የብድር ውሉ ሰውየውን ያስራል፤ የመያዣ ውሉ ደግሞ ቤቱን ያስራል። ሰውየው ቤቱን ሸጦ ሲሄድ ብድሩ አብሮት ይሄዳል፣ መያዣው ግን እዚያው ቤቱ ላይ ይቀራል። ከባንኩ ሰባራ ሳንቲም ያልተበደረ ገዢ ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥበት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

1. መዝገቡን ራስዎ ያስመርምሩ

ሻጩ ያሳየዎት የባለቤትነት ማረጋገጫ ፎቶ ኮፒ ብቻውን ዋጋ የለውም። ዕዳ የሚታየው በንብረት መዝገቡ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ቀን የተጻፈበት አዲስ ማስረጃ ያውጡ። የሚፈልጉት የባንኩን መያዣ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ መያዣ፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፈለ ግብር፣ የረጅም ጊዜ ኪራይ ውልም ሊኖር ይችላል። ሻጩ «አንድ ብድር ብቻ ነው ያለው» ሲል ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ ቤቱን ማስያዙን ግን የረሳ ሻጭም አይጠፋም።

ፍተሻው በተደረገበት ቀንና ስሙ በሚዛወርበት ቀን መካከል ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት ሌላ የሻጩ አበዳሪ እገዳ ሊያስመዘግብ ይችላል። በእንግሊዝና ዌልስ ገዢ የሚያስደርገው ይፋዊ ፍተሻ ለ30 የሥራ ቀናት ቅድሚያ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ጥበቃ በሌለበት አገር ክፍያው በሚፈጸምበት ዕለት ጠዋት መዝገቡን ዳግም ማስፈተሽ ግድ ነው።

እግረ መንገድዎን የሻጩን የትዳር ሁኔታ ይጠይቁ። መዝገቡ ላይ የባል ስም ብቻ ቢኖርም ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነ ያለ ሚስት ፊርማ የተደረገ ሽያጭ ሊፈርስ ይችላል።

2. የብድር ውሉን ያንብቡ

ይህ በተለይ የሻጭ ሥራ ነው። ሁለት አንቀጽ ይፈልጉ። አንደኛው ብድሩ ከጊዜው በፊት ሲዘጋ የሚከፈል ቅጣት አለ ወይ የሚለው ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የ2014ቱ የቤት ብድር መመሪያ ተበዳሪ ቀድሞ የመክፈል መብት እንዳለው ደንግጓል፤ አበዳሪው ካሳ መጠየቅ ይችል እንደሆነ ግን ለየአገሩ ተትቷል። ቅጣቱ ወፍራም ከሆነ ሽያጩን በጥቂት ወራት ማዘግየት ሊያዋጣ ይችላል።

ሁለተኛው አንቀጽ «ቤቱ ከተላለፈ ሙሉው ዕዳ ወዲያው ይከፈላል» የሚለው ነው። በአሜሪካ የ1982 የፌዴራል ሕግ አበዳሪዎች ይህን አንቀጽ እንዲያስከብሩ ፈቅዶ፣ ለአንዳንድ ዝውውሮች ግን ገደብ አበጅቷል፤ ለምሳሌ ተበዳሪው ሲሞት ቤቱ ለዘመድ ቢተላለፍ ወይም ለትዳር አጋር ቢሰጥ ባንኩ በዚህ ምክንያት ብቻ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ክፈሉ ማለት አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ገዢና ሻጭ ባንኩን ሳያሳውቁ «ስሙ ባንተ ይቆይ፣ ወርሃዊ ክፍያውን እኔ እከፍላለሁ» ብለው ይስማማሉ። ለሁለቱም ቀላል ይመስላል፤ የዝውውር ወጪ የለም፣ አዲስ ብድር የለም። ይሁን እንጂ ባንኩ የሚያውቀው ሻጩን ብቻ ነው። ገዢው ሁለት ወር ቢያዘገይ የሚበላሸው የሻጩ የብድር ታሪክ ነው፣ የሚከሰሰውም እሱ ነው። በሌላ በኩል ገዢው ዓመታት ከፍሎ ሻጩ ቢሞት ወራሾቹ «ቤቱ የአባታችን ነው» ብለው ይመጣሉ፣ መዝገቡም ይደግፋቸዋል። በእኔ እምነት ዘመድ ከዘመድ ጋርም ቢሆን ይህን ዓይነት ስምምነት ማድረግ አይገባም።

ብድሩን ለገዢ ማስተላለፍ ካስፈለገ ትክክለኛው መንገድ የአበዳሪውን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ነው። ባንኩ የገዢውን ገቢ ይመረምራል፤ ካመነበት ሦስቱም ይፈርማሉ። ሻጭ በዚህ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር አጥብቆ ይፈልግ፦ ከዕዳው ሙሉ በሙሉ ነፃ መውጣቱን የሚገልጸውን። እሱ ከሌለ አዲሱ ሰው ተጨመረ እንጂ አሮጌው አልወጣም።

3. የቀሪ ዕዳ ደብዳቤ ያውጡ

በስልክ የተነገረ ወይም በመተግበሪያ ላይ የሚታይ ቀሪ ሒሳብ አይበቃም። ከባንኩ የሚፈለገው ዕዳውን ለመዝጋት የሚያስፈልገው ሙሉ ገንዘብ፣ የዕለት ወለዱ፣ ደብዳቤው የሚጸናበት የመጨረሻ ቀንና ገንዘቡ ሲገባ ባንኩ መያዣውን ለመልቀቅ ግዴታ የገባበት ቃል ያለበት ደብዳቤ ነው።

የዕለት ወለዱን አቅልለው አይዩት። ቀሪው ዋና ገንዘብ 1,800,000፣ ወለዱ በዓመት 12 በመቶ ነው እንበል። በዓመት 216,000 ሲሆን ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 592 ገደማ ይመጣል። ደብዳቤው እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ተሰልቶ ገንዘቡ የገባው በ17ኛው ቢሆን 4,142 ገደማ ይጎድላል። ከዋናው ዕዳ አንጻር ኢምንት ነው፤ ባንኩ ግን ይህችው እስክትሞላ መያዣውን ላይለቅ ይችላል። ስለዚህ ስሌቱን ከክፍያው ቀን ጥቂት ቀናት አሳልፎ ማስወጣት ይሻላል፤ ትርፉ ለሻጭ ይመለሳል።

የሽያጩ ዋጋ ዕዳውን የማይሸፍን ከሆነ ልዩነቱን ሻጭ ከኪሱ መሙላት አለበት፣ ወይም ባንኩ ባነሰ ገንዘብ መያዣውን እንዲለቅ በጽሑፍ ማስፈቀድ አለበት። ባንኩ መያዣውን ለቀቀ ማለት ቀሪውን ዕዳ ማረ ማለት አይደለም፤ ምሕረቱም ለብቻው ይጻፍ።

4. ውሉና ቀብዱ

የቤት ሽያጭ በቃል አይሆንም። በጀርመን ኖተሪ (ውል አረጋጋጭ) ፊት ካልተፈጸመ አይጸናም፤ በኢትዮጵያም የፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ ያልተደረገን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ፈራሽ ያደርገዋል።

ቀብድ ላይ ግን ቆም ይበሉ። በኢትዮጵያ ሕግ፣ በፈረንሳይም እንዲሁ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ገንዘቡ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ውሉ ውስጥ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምትሰጡት ገንዘብ የትኛው እንደሆነ በስሙ ይጠራ።

ገዢ ራሱ በብድር የሚገዛ ከሆነ «ባንክ ብድሩን ከከለከለኝ ውሉ ይቀራል፣ የሰጠሁት ገንዘብም ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ያስገባ። ፈረንሳይ ውስጥ ይህን ጥበቃ ሕጉ ራሱ ይሰጣል፤ በብዙ ቦታ ግን ካልጻፉት የለም። እንዲሁም ሻጩ እስከ ርክክቡ ድረስ ወርሃዊ ክፍያውን እንደማያቋርጥና በቤቱ ላይ አዲስ ዕዳ እንደማያስመዘግብ ይጻፍ።

5. የክፍያው ቀን

ገንዘቡ በሻጩ ኪስ አልፎ ወደ ባንክ አይሂድ። ክፍያው ለሁለት ይከፈል፤ የዕዳው መጠን በቀጥታ ለአበዳሪው፣ የቀረው ለሻጭ። ከላይ ባለው ምሳሌ ቤቱ በ3,000,000 ከተሸጠ 1,800,000ው ከነወለዱ በብድሩ ቁጥር ለባንኩ ይገባል፤ ሻጭ 1,200,000 የማይሞላ ያገኛል። በጠበቃ፣ በኖተሪ ወይም በዝግ ሒሳብ በኩል ቢደረግ ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል፤ ሁለቱም ወገን ሰነዶቹ እስኪሟሉ ማንም ገንዘቡን እንደማይነካ ያውቃል።

ሌላው የዘመኑ ጣጣ የሒሳብ ቁጥር ማጭበርበር ነው። ለመክፈል ሲቃረቡ «የባንኩ ሒሳብ ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ቢደርስዎ አይክፈሉ። ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በሚያውቁት የባንኩ ቁጥር ደውለው ያረጋግጡ።

6. መያዣውን ከመዝገብ ማሰረዝ

ዕዳ መከፈሉና መያዣ መሰረዙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባንኩ ገንዘቡን ተቀብሎ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ደግሞ መዝጋቢው ዘንድ ካልደረሰ ምልክቱ ከመዝገቡ አይነሳም። ዕዳው ካለቀ ዓመታት አልፈውት አሁንም መዝገቡ ላይ ባንክ የሚታይበት ቤት የሚገኘው በዚህ ነው። ደብዳቤውን ማን እንደሚያደርስ፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ ወጪውስ የማን እንደሆነ በውሉ ይወሰን። ከዚያ ስሙ ይዛወራል፤ ገዢው የተበደረ ከሆነ የእሱ ባንክ መያዣ ከዚያው ጋር ይመዘገባል። ገዢ በመጨረሻ ከመዝገቡ አዲስ ማስረጃ አውጥቶ የራሱን ስም ብቻ፣ ወይም የራሱን ባንክ ብቻ ማየት አለበት።

ፍቺና ውርስ ሲመጣ

ፍርድ ቤት በፍቺ ቤቱን ለአንዱ ወገን ቢወስንም ባንኩ በዚያ ክርክር ተካፋይ አልነበረም። ሁለቱም ተበዳሪ ሆነው ከፈረሙ ባንኩ ሁለቱንም መጠየቁን ይቀጥላል፤ ቤቱን የተረከበው ብድሩን በስሙ ብቻ እስኪያዞር ድረስ የወጣው ሰው ነፃ አይደለም። ወራሾችም ቤቱን የሚያገኙት ከነመያዣው ነው። ለመሸጥ ከመስማማታቸው በፊት ከብድሩ ጋር የሕይወት መድን ተገብቶ እንደነበር ባንኩን ይጠይቁ፤ መድኑ ካለ ዕዳውን ራሱ ሊዘጋው ይችላል።