በሟች አያት ስም ለቀረ መሬት የእርሻ ቁጥር ማውጣት

በደቡብ ጆርጂያ ጎመንና ባሚያ የማመርትበትን መሬት የተከራየሁት ከአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት ነው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። እርሳቸው ተወልደው ያደጉበት መሬት ቢሆንም ሰነዱ ያለው ኑዛዜ ሳይተዉ በሞቱት አያታቸው ስም ነው፤ ወራሾቹም እስከ ዲትሮይት ተበትነዋል።

እንዲህ ያለው ያልተከፋፈለ ውርስ በአሜሪካ ደቡብ የጥቁር ገበሬ መሬት ከእጁ ከወጣባቸው መንገዶች አንዱ ነው። አንድ ወራሽ ድርሻውን ለባዕድ ይሸጣል፤ ገዢው ፍርድ ቤት ሄዶ መሬቱ በሙሉ በሐራጅ እንዲሸጥ ያስወስናል። በ1920 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ900,000 በላይ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። የ2017 ቆጠራ፣ አቆጣጠሩ ቢለያይም፣ ያገኘው 48,697 ብቻ ነው።

ሰነዱ በስምዎ ካልሆነ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የካውንቲ (የወረዳ) ቢሮ የእርሻ ቁጥር፣ ማለትም እርሻው በሚኒስቴሩ የሚመዘገብበትን ቁጥር፣ አይሰጥም ይባል ነበር። ያለ ቁጥሩ ደግሞ ብድርም ሆነ የድርቅና የጎርፍ ካሳ የለም። እኛንም መጀመሪያ የሄድንበት ቢሮ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መለሰን፤ እኔም ሕጉን ስለማላውቅ አመስግኜ ወጣሁ። እስካሁን ያናድደኛል።

የ2018ቱ የእርሻ ሕግ ይህን በር ከፍቷል። ስለዚህ አስቀድመው ግዛትዎ የወራሾችን መሬት ከሐራጅ የሚጠብቀውን ወጥ ሕግ መቀበሉን ያጣሩ። ጆርጂያ በ2012 ተቀብላዋለች። በተቀበሉት ግዛቶች ከሁለት ማስረጃዎች አንዱ ይበቃል፦ መሬቱ የወራሾች የጋራ ንብረት መሆኑን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ አለበለዚያም ባለስሙ መሞቱንና ቢያንስ አንድ ወራሽ ስም ማዛወር መጀመሩን የሚገልጽ የመሬት መዝገብ ቤት ማረጋገጫ። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። ወረቀቱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የአያትየው ስም በመሬት ሰነዱና በሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ በአንድ ፊደል ተለያይቶ ብዙ አመላልሶናል። ከቤት ሳይወጡ ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።

ሕጉን ባልተቀበሉ ግዛቶች ከባለድርሻዎቹ አብዛኞቹ የተስማሙበት የጋራ ባለቤትነት ውል፣ ወይም በመሬቱ ላይ የእርሻ ድርሻ እንዳለዎት የሚያሳይ የአምስት ዓመት የግብር ሰነድ ያገለግላል።

ቢሮው ስትገቡ ስትወጡ፣ ቢሰጧችሁም ቢከለክሏችሁም፣ የአገልግሎት ደረሰኝ ይጠይቁ። ከ2014 ወዲህ ቢሮው ይህን የመስጠት ግዴታ አለበት። ቀኑ፣ የጠየቁት ነገርና የተሰጠዎት ምላሽ ይጻፍበታል። ትንሽ ወረቀት ነው ብለው አይናቁት። ጥቁር ገበሬዎች በብድር አድልዎ ሚኒስቴሩን በ1997 ሲከሱ ብዙዎቹ በእጃቸው ማስረጃ አልነበራቸውም። የ1999ኙ ስምምነት አነስተኛ ማስረጃ ላላቸው 50,000 ዶላር የሚያስገኝ የተለየ መንገድ ያበጀውም ስለዚህ ነው።

እንቢታውን በቃል አይቀበሉ፤ በጽሑፍ ይሁን። ጽሑፉ ከደረሰዎት ቀን አንስቶ በ30 ቀናት ውስጥ ለሚኒስቴሩ የይግባኝ ክፍል ማመልከት ይቻላል። ምክንያቱ አድልዎ ነው ካሉ ደግሞ የሲቪል መብት አቤቱታ ማቅረቢያው 180 ቀን ነው።

ሚኒስቴሩ በሐምሌ 2025 ዘርንና ፆታን መነሻ ያደረገ ቅድሚያ መስጠት እንደሚያቆም ካስታወቀ ወዲህ ‹‹እንግዲህ ምን ቀረን?›› የሚሉኝ አሉ። ብዙ ቀርቷል። ይህ የወራሾች አንቀጽ የማንንም የቆዳ ቀለም አይጠቅስም፤ የሚጠቅሰው ሰነድ አልባውን ነው። ሰነድ አልባ ያደረጋቸው ታሪክ ምን እንደሆነ ግን እማማን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

ቁጥሩ ከወጣ በኋላ የሚኒስቴሩ ድጋፎች በአካባቢው እንዴት እንደሚሠሩ ለሚመክረው ለካውንቲው የገበሬዎች ኮሚቴ ምርጫ ብቁ መሆንዎን ይጠይቁ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በኅዳር መጀመሪያ በፖስታ ይላካል። እማማ የደረሳቸው ጊዜ መነጽራቸውን ፈልገው ስሞቹን ሁለት ጊዜ አነበቡና ‹‹አንዳቸውንም አላውቃቸውም›› አሉኝ። የእጩ ጥቆማ ሰኔ አጋማሽ ላይ ይከፈታል፤ በቅጹ ላይ የእርሳቸውን ስም እንድሞላ እየለመንኳቸው ነው።