ሦስቴ የተመለሰው የመናፈሻ ፈቃድ በአራተኛው እንዴት አለፈ
በከተማው መናፈሻ ለ400 ሰው ዝግጅት ፈቃድ ጠይቀን ማመልከቻው ሦስቴ ተመለሰ። ምክንያቱ ሁሌም አንድ መስመር፦ «የደኅንነት ዕቅዱ አልተሟላም»። ምኑ? አይልም።

መጀመሪያ ደብዳቤውን አስረዘምን። ምንም። ቀጥሎ አስተባባሪዎቹን ከ6 ወደ 12 አሳደግን። እሱም አልሠራም።

መላ የተገኘው ሜትር ይዘን ቦታው ላይ ስንሄድ ነው። ሜዳው 30 በ20፣ ማለትም 600 ካሬ ሜትር ነው። መድረኩን፣ ድንኳኖቹንና ለአምቡላንስ የሚተወውን መንገድ ስንቀንስ ለሰው የቀረው 320 ብቻ። ለአንድ ካሬ ሜትር ከሁለት ሰው በታች ማለት ነው፤ ይበቃል። (ቆሞ በሚያይ ሕዝብ መሀል በካሬ ሜትር ከ4 ሰው ካለፈ መጨናነቁ ያሰጋል።)

ጉዱ ሌላ ነበር። ጄኔሬተሩን የኋላው በር ላይ ደቅነነዋል! 400 ሰው ሊወጣ የነበረው በአንድ በር ነው።

ጄኔሬተሩን ወደ አጥሩ ጥግ አዛወርን፣ አጠገቡ እሳት ማጥፊያ አስቀመጥን። ከዚያ ሁሉንም በእርሳስና በማስመሪያ አንድ ወረቀት ላይ ሣልነው፤ ሁለቱን መውጫዎች ከነስፋታቸው፣ የአምቡላንሱን መንገድ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ጠረጴዛውን። የካሬ ሜትር ስሌቱን ከሥር ጻፍን።

በሁለተኛው ቀን ፈቃዱ መጣ። ፎቶኮፒውን ለበር አስተናጋጆቹም አደልን።