ከጎረቤት የሚመጣ የግድግዳ እርጥበት

ጣራችሁ አያፈስም፣ ቧንቧችሁም ደህና ነው። ከጎረቤት ጋር የምትጋሩት ግድግዳ ግን ረጥቧል፣ ቀለሙ ተልጧል፣ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር አውጥቷል። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ቤቱ ተደጋግፎ የተሠራ ስለሆነ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስጠግን ነው የምውለው።

መጀመሪያ መቼ እንደሚረጥብ ልብ በሉ። ዝናብ ሲዘንብ ከላይ ወደ ታች ከወረደ የጎረቤት አሸንዳ ነው። ይጠገን። ሽታ ካለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፤ ለነገ አትበሉ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ብቻ ከረጠበ ቧንቧ ወይም ሮቶ ፈልጉ።

በበጋ፣ ውሃ በመጣ ማግስት ከሥር ወደ ላይ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። ዘወትር የሚያጋጥመኝም ይሄ ነው። ሐረር ላይ ውሃ በፈረቃ ነው። የመጣ ቀን በርሜል ይሞላል፣ የተጠራቀመ ልብስ ይታጠባል። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ የላይኛው ጎረቤት ግቢ ከእናንተ ወለል ከፍ ይላል። አፈርና ፍርስራሽ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተቆልሏል። እጣቢው እዚያው ይደፋል፣ እዚያው ይሰርጋል።

አንድ ቤት ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰፌዶች ጀርባቸው ሻግቶ ጠበቀኝ። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ በሲሚንቶ አስለስነዋል። እርጥበቱ መጀመሪያ ጉልበት ድረስ ነበር፤ እኔ ስደርስ ደረት ደርሷል። ልስኑን ሳነሳው በድንጋዮቹ መሃል ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ በጣቴ ወጣ። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤታቸው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ አለ። ሴትየዋ ምንም አታውቅም ነበር። ጠርተን ስናሳያት ደነገጠች፤ ማጠቢያውን በማግስቱ አነሳች።

እባካችሁ፣ በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አታስለስኑ! ውሃውን አያቆመውም። መውጫ ይዘጋበትና ወደ ላይ ይገፋዋል። የዘይት ቀለምም ያው ነው። ይህን እያወቀ ሲሚንቶ የሚለስን ግንበኛ ያናድደኛል።

ሥራው የሚጀመረው ከጎረቤት በኩል ነው። አስፈቅዳችሁ የተቆለለውን አፈር ከእናንተ ወለል በታች አንድ ስንዝር ያህል እስኪወርድ አንሱ። በግድግዳው ርዝመት በአንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር በላይ አትክፈቱ፤ የራሰ ግድግዳ ይናዳል። ከመሠረቱ በታች በፍጹም አትቆፍሩ። ቦታውን በጠጠር ሙሉና ውሃው ከግድግዳው እንዲርቅ ተዳፋት አበጁለት። በእናንተ በኩል ሲሚንቶውን ከእርጥበቱ በላይ ግማሽ ሜትር ድረስ አስነሱ። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፣ በውሃ አትጠቡት፤ ግድግዳው መልሶ ይጠጣዋል። ከዚያ ጠብቁ። ወፍራም ግድግዳ ለመድረቅ ወራት ይፈጃል። ሲደርቅ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ለስኑት፣ በኖራ ቀቡት።

ጎረቤት እምቢ ካለ ሽማግሌ ይቅደም። ካልሆነ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለቤት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል። አፈሩ ከመነካቱ በፊት ግን ከሁለቱም በኩል ፎቶ አንሱ፤ ከተነሳ በኋላ ማስረጃ የለም።