በሆስፒታል መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እንዳይዛመቱ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ተኝቶ መታከሚያ ክፍል በነርስነት ስሠራ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ፣ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶለት ቁስሉ መዳን ሲገባው መድኃኒት በማይበግረው ባክቴሪያ እንደገና የሚያመረቅዝበት ታካሚ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቀጥታ በእነዚህ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች የታካሚውም፣ የቤተሰቡም፣ የእኛ የባለሙያዎቹም ናቸው።

የመጀመሪያው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» የሚለው አነጋገር ነው። መድኃኒቱን የሚላመደው ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። አንቲባዮቲክ ሲሰጥ የማይቋቋሙት ይሞታሉ፤ የሚቋቋሙት ተርፈው ይራባሉ፤ ከዚያም አልፎ የመቋቋሚያውን ዘረመል ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ጭምር ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ስለዚህ በዕድሜው አንድ ፍሬ አንቲባዮቲክ ያልዋጠ ሰው እንኳ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከሌላ ታካሚ ሊተላለፍበት ይችላል።

እንዴት ይተላለፋል ቢባል፣ ዋናው መንገድ እጅ ነው። እዚህ ላይ ስለ አስታማሚዎች ማንሳት ግድ ይለኛል። አንዲት እናት ልጃቸውን ሲያስታምሙ፣ አጠገቡ የተኛው ታካሚ ከገጠር ብቻውን የመጣና አስታማሚ የሌለው ስለነበር፣ የሽንት ከረጢቱን ይደፉለት፣ ትራሱን ያስተካክሉለት ነበር። ወዲያው ዞረው በዚያው እጃቸው ልጃቸውን ያጎርሱታል። እኚህን እናት ማን ይወቅሳል? ስህተቱ የእኛ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአልኮል ማጽጃ ለእሳቸውም እንደተቀመጠ የነገራቸው ሰው አልነበረም። መረዳዳታችን መቅረት የለበትም፤ ነገር ግን ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው በተሻገርን ቁጥር በመካከሉ እጅ መጽዳት አለበት። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት፣ እጅ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ካለበት ደግሞ በውኃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ መታጠብ ይበቃል። ጠያቂም ከአልጋ አልጋ እየዞረ «እግዜር ይማርህ» ሲል በቃሉ ይበል እንጂ አልጋው ላይ አይቀመጥ። እንደ አሲኔቶባክተር ያሉ ባክቴሪያዎች በደረቅ የአልጋ ብረት ላይ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት በሕይወት ሊቆዩ ይችላሉና።

እኛ ባለሙያዎች የምንሠራው ስህተት ደግሞ በጓንት መተማመን ነው። ጓንት ያደረገ እጅ የአንዱን ቁስል አሽጎ ወደ ሁለተኛው ካለፈ፣ ጓንቱ የጠበቀው የባለሙያውን ቆዳ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ ጓንት ያስፈልጋል፤ ጓንት ከወለቀ በኋላም እጅ ይጸዳል።

ብዙ ቤተሰብ «ጠንከር ያለ መርፌ ይታዘዝልን» ይላል፤ እኛም ሴፍትሪያክሶን የተባለውን በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለሁሉም በሽታ እናዝዘዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ይህን መድኃኒት በጥንቃቄ ሊታዘዙ ከሚገባቸው ምድብ አስቀምጦታል፤ በቫይረስ ለሚመጣ ጉንፋንም ፈጽሞ አይሠራም። ከተቻለ የመጀመሪያው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ለካልቸር ምርመራ (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ለሚያሳየው ምርመራ) የሚሆን ናሙና መወሰድ አለበት። ታካሚው በጠና የታመመ እንደሆነ ውጤቱ እስኪመጣ ሕክምና አይዘገይም፤ ውጤቱ ሲደርስ ግን መድኃኒቱ እንደ ውጤቱ መስተካከል ይኖርበታል። ውጤቱ ካርድ ውስጥ ተወሽቆ የመጀመሪያው መርፌ እንዳለ ሲቀጥል ማየት እጅግ ያስቆጫል።

ካኑላ (መድኃኒት ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) እና የሽንት ቱቦ ሥራቸው ካለቀ በኋላ ሳይወጡ መቆየታቸውም ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። «ይህ ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ በየቀኑ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው። የተረፈ ክኒን ለጎረቤት መስጠትና ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒት ማቋረጥም እንዲሁ መቅረት አለባቸው።

የመጨረሻው ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተባለ ታካሚ የካልቸር ውጤቱን ሳይዝ መሄዱ ነው። ወረቀቱ ከሪፈር ደብዳቤው ጋር ከተያያዘ ተቀባዩ ሆስፒታል ታካሚውን ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ለብቻው ሊያስተኛው፣ የማይሠራውንም መድኃኒት እንደገና ከመሞከር ሊድን ይችላል።