በቁልቋል አጥርና በማሽላ ማሳ ውስጥ ወደ አውሬ መተኮስ፦ ጥንቃቄውና ሕጉ በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ

በሐረር ዙሪያ ባለ አንድ መንደር፣ የጎረቤታችን ማድቤት ቆርቆሮ ላይ ያለው ቀዳዳ እስከ ዛሬ አልተደፈነም። አንድ የመንደሩ ሰው ሌሊት ወደ ፍየሎቹ ጉሮኖ የመጣ ጅብ አይቶ፣ የጫት ረድፍና የተከመረ የማሽላ አገዳ በመካከል እያለ በክላሽ ተኮሰ። ጅቡ አልተመታም፤ ጥይቱ ከታለመለት አቅጣጫ ወደ ግራ ወጥቶ ማድቤቱን በሳ። ቀዳዳውን ቀርቦ ለሚያየው ክብ አይደለም፤ የጣት አንጓ ያህል የረዘመ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የተቦጨቀ ስንጥቅ ነው፤ ቅርጹም ጥይቱ እየተገለባበጠ በጎኑ እንደደረሰ ያሳያል። በዚያ ሰዓት ማድቤቱ ውስጥ ሰው አለመኖሩ የተኳሹ ጥንቃቄ ሳይሆን ዕድሉ ነበር።

ከጠብመንጃ የሚወጣ አረር ቀጥ ብሎ የሚሄደው በአፈሙዙ ውስጥ ያሉት ጥምዝ መስመሮች በኃይል እንዲሽከረከር ስለሚያደርጉት ነው። አንዲት የግራር ጭራሮ ወይም የማሽላ አገዳ ጫፉን ስትነካው ይንገዳገዳል፣ ያጋድላል፣ አንዳንዴም ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ተኳሹ አያውቅም። ሁለት ዲግሪ ብቻ ቢያፈነግጥ፣ አውሬው ከጭራሮዋ አንድ ሜትር ርቆ ከሆነ ስህተቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ 100 ሜትር ከራቀ ግን ስህተቱ ወደ 3 ሜትር ተኩል ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ከተኳሹ አፍንጫ ሥር ያለው ቅጠል፣ አውሬው ከተደገፈው ቁጥቋጦ ይልቅ አደገኛ ነው። ከባድና ዝግ ያለ አረር ቁጥቋጦ ቆርጦ ያልፋል የሚለውን ጨዋታ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ ከባዱ ከቀላሉና ከፈጣኑ ያነሰ ሊያፈነግጥ ቢችልም፣ ጨርሶ የማያፈነግጥ አረር የለም።

ልምድ ያለውን ሰው ሳይቀር የሚያታልል ሌላ ነገር አለ። የዒላማ መነጽር ከአፈሙዙ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በመነጽሩ የሚያይ ሰው አውሬውን ያለ አንዳች ከልካይ ሲያየው፣ አፈሙዙ ግን ፊት ለፊቱ ያለውን የእርከን ድንጋይ፣ የአጥር እንጨት ወይም የመኪና ኮፈን እያነጣጠረ ሊሆን ይችላል። ጠብመንጃውን በድንጋይ ላይ አስደግፎ የሚተኩስ ሁሉ ምላጩን ከመንካቱ በፊት ዓይኑን ከመነጽሩ አንሥቶ ከአፈሙዙ ጫፍ እስከ አውሬው ያለውን መንገድ ዝቅ ብሎ ማየት አለበት። የሚወስደው ሁለት ሰከንድ ነው።

እንቅፋት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቆርቆሮና የጭቃ ግድግዳ አውሬውን ከዓይን ይሰውራሉ እንጂ የክላሽ ጥይት አያስቆሙም፤ ከጀርባቸው የተኛውን ሰው አያድኑትም። ቁልቋል ውስጡ ውኃ የበዛበት ስለሆነ ሰው ለስላሳ ነው ብሎ ይንቀዋል፤ ነገር ግን ሹል ሆኖ የተሠራ የአረር ጫፍ እንኳ በርጥብ ነገር ውስጥ አቅጣጫውን ጠብቆ ለመውጣቱ ዋስትና የለም። ድንጋይ ደግሞ የባሰ ነው፤ በደንገጎ ዳገት ወይም በሐረር ዙሪያ ባሉ የድንጋይ ካቦች ላይ ያረፈ ጥይት ተመልሶ ወይም ወደ ጎን ነጥሮ ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም። የክላሽ ጥይት ምንም ሳያገኘው ከቀረ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ስለሚችል፣ በጋራ ጫፍ ላይ ሰማይን ተደግፎ ወደቆመ አውሬ መተኮስ እንቅፋት ባይኖርም የተከለከለ ሊሆን ይገባዋል። በድሬዳዋ በኩል የደረቀ የወንዝ አሸዋ ባዶ ሜዳ ይመስላል፤ የአካባቢው ሰው ግን መንገዱ አድርጎ ሌሊትም ይሄድበታል፤ ግመል የሚነዳውም፣ ከገበያ የሚመለሰውም በዚያው ነው።

በጨለማ የሚደረገው ስህተት በአብዛኛው ከዓይን ብርሃን ይጀምራል። በእጅ ባትሪ የሚበራው ዓይን የጅብ ብቻ አይደለም፤ አህያም፣ ፍየልም፣ ውሻም፣ ላምም እንዲሁ ያበራሉ። የሰው ዓይን ግን እንደነሱ አያንጸባርቅም፤ ስለዚህ ከሚያበሩት ሁለት ነጥቦች ጀርባ ሰው ቢቆም ባትሪው አያሳውቅም። ትከሻውን፣ አንገቱንና የሰውነቱን ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ለይተው ካላዩ ጣትዎን ከምላጭ ያርቁ።

በሕጋዊ አደን ላይ ሆነው አውሬው በቁጥቋጦ ከተሸፈነ የመጀመሪያው እርምጃ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ቦታ መቀየር ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን መራመድ ወይም ተንበርክኮ የነበረ ሰው መቆሙ ብዙ ጊዜ ክፍት መንገድ ይሰጣል፤ አፈሙዙ ግን በእንቅስቃሴው ጊዜ ሁሉ ወደ መሬት ይሁን። ከዚያ ከአውሬው ጀርባ ጥይቱን የሚያስቀር የአፈር ዳገት መኖሩን፣ አብረው የወጡት ሰዎችም እያንዳንዳቸው የት እንዳሉ በድምፅ ወይም በዓይን ያረጋግጡ። ከእነዚህ አንዱ ካልተሟላ አውሬው ይሂድ። በተለይ ነብርን በጭራሮ ውስጥ አቁስሎ መልቀቅ፣ በማግሥቱ እንጨት ለመልቀም በዚያ ለምታልፈው ልጅ ወጥመድ ማኖር ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚስተው የጦር መሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አለመሆኑን ነው። መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይተዳደራል፤ የዱር እንስሳት ጉዳይ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተደነገገ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ማደን ያስቀጣል። ጅብም ሆነ ቀበሮ ሰው ስለጠላቸው ብቻ ከዚህ ሕግ አይወጡም። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1970 በተቋቋመው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ክልል ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ቦታው ዝሆኑንና ጥቁር ጋማ ያለውን አንበሳ ለመጠበቅ የተከለለ ነው።

አውሬው ሰው ላይ ሲዘልስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 75 ከባድና የማይቀር አደጋን ለማራቅ፣ ሌላ መንገድ በሌለበት የተፈጸመ ድርጊት እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ጥይቱ በአጥር ውስጥ የተተኮሰው አውሬው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሸሽ ከሆነ፣ አደጋው የማይቀር ነበር ብሎ መከራከር ያስቸግራል። በተጨማሪም ይህ አንቀጽ አውሬውን ስለመግደል ቢረዳም፣ ያላየውን ሰው የመታ ተኳሽ በቸልተኝነት ስለመግደል ወይም አካል ስለመጉዳት በሚናገሩት አንቀጽ 543 እና 559 ሊጠየቅ ይችላል። በማይታይ ነገር ውስጥ መተኮሱ ራሱ ለቸልተኝነቱ ማስረጃ ይሆንበታል፤ የደረሰውን ጉዳት መካሱም ለብቻው ይጠብቀዋል።

በሐረር ከተማና በአቅራቢያዋ ያለውን ጅብ ግን ከነጭራሹ በጥይት ማሰብ አያስፈልግም። የጀጎል ግንብ እንኳ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ተትተውለታል፤ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሥጋ በእጅ የሚያጎርሱት ሰዎችም አሉት። በዚህ አካባቢ የሚተኮስ ጥይት በየአቅጣጫው ቤትና ሰው ነው የሚያገኘው። ከብት የሚያስበላ ሰው ጉሮኖውን ከግራር እሾህ ደርቦ ቢያጥር፣ በሩን ከውስጥ ቢቀረቅር፣ ግልገሎቹን ቤት ቢያስገባና የሞተ ከብት ከበረቱ አርቆ ቢጥል በክላሽ ከሚያገኘው የበለጠ ያተርፋል። ችግሩ ከቀጠለ ለቀበሌው ያመልክት፤ የሚመለከተው አካል መጥቶ አይቶ ይወስን።

ተኩሱ ካለፈ በኋላ ደግሞ፣ አውሬው ወደቀም አልወደቀም፣ ጠብመንጃውን ከጥይት ባዶ ያድርጉ፤ የቆሙበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት ያድርጉበት፤ ባልንጀራዎ እዚያው ቆሞ አቅጣጫውን እያሳየዎት ጥይቱ ያለፈበትን መስመር በሁለቱም ጎን ሰፋ አድርገው ይሂዱበት። ቤት ካለ በሩን አንኳኩተው ሰዎቹ ደኅና መሆናቸውን ይጠይቁ። ሰው ተጎድቶ ካገኙ ደሙን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይዘው ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ያድርሱ፤ የተጎዳው ሰውም ሆነ ከብት፣ የወደቀውን ቀለህ ሳያነሡ ለፖሊስ ያሳውቁ።