የካፌ ደረሰኝ ይዞ መፈተን፦ ተማሪው የሚማርበትን ምዘና እንዴት እናዘጋጃለን?

ሰባተኛ ክፍል ፐርሰንት አስተምሬ ስጨርስ የምሰጠው ኩዊዝ ነበረኝ። «የ200 15% ስንት ነው?» ዓይነት አሥር ጥያቄ። ከ52 ተማሪ አርባ ምናምኑ ይደፍነዋል፤ እኔም ገባቸው ብዬ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አልፋለሁ። አንድ ቀን ፒያሳ ቁርስ ከበላሁበት ካፌ የተቀበልኩትን ደረሰኝ ይዤ ገባሁና «115 ብር ከፍያለሁ፤ ከዚህ ውስጥ ቫቱ ስንት ነው?» አልኳቸው። ኩዊዙን የደፈኑት ሳይቀሩ የ115ን 15% አስልተው «17 ብር ከ25 ሳንቲም» አሉኝ። ደረሰኙ ላይ ያለው 15 ብር ነው፤ 15%ቱ የሚሰላው ከመነሻው 100 ብር ላይ ነውና። «ቲቸር፣ ማሽኑ ተሳስቷል» ያለኝም አልጠፋም።

ሥልጠና ላይ አውቴንቲክ አሰስመንት እያሉ የሚነግሩን ነገር ያን ቀን ነው የገባኝ። ተማሪው የተማረውን ነገር ሰው ከትምህርት ቤት ውጭ በሚጠቀምበት መልኩ ሲሠራው ማየት ነው፤ በአማርኛ የገሃዱ ዓለም ምዘና ብለው ያስኬዳል። ከተከታታይ ምዘና ጋር እንዳይምታታባችሁ። በሴሚስተር አምስት ኩዊዝ ብትሰጡ ተከታታይ ነው፤ አምስቱም «የ200 15%» ከሆኑ ግን ያው አንዱን ነገር አምስቴ መጠየቅ ነው። ሐሳቡን ካስፋፉት አንዱ አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ግራንት ዊጊንስ ነው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ሲጽፍ መመዘኛው ለተማሪው ምስጢር መሆን እንደሌለበትም አንስቷል። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን ዘንግቼ ነው የተቀጣሁት፤ እመጣበታለሁ።

1. ከምዕራፉ አንድ ችሎታ ብቻ ምረጡ። የመምህሩ መምሪያ ላይ ተዘርዝሮ አለ።

2. ያ ችሎታ ከግቢ ውጭ የት እንደሚያስፈልግ ፈልጉ። የአማርኛ መምህር ከሆናችሁ ለወረዳ የሚገባ ማመልከቻ አጽፉ። እንግሊዝኛ ከሆነ ለእንግዳ ሰው ከአራት ኪሎ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም መንገድ መንገር በቂ ነው። የእኔው ሥራ ይሄ ነው፦ የምግቡ ዋጋ 200 ብር፣ የአገልግሎት ክፍያ 10%፣ ቫት 15%፣ ሒሳቡ 253 ብር። አብሯችሁ የበላው ጓደኛችሁ «10 እና 15 ሲደመር 25% ነው፤ 250 መሆን ነበረበት፣ 3 ብር በሉን» ብሎ ተቆጥቷል። ደብዳቤ ጻፉለት፤ 3 ብሩ ከየት እንደመጣ አስረዱት።

ቫት በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15% ነው፤ ልጆቹ ሳይወለዱ የነበረ ነገር ነው። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ደረሰኝ ላይ ከጠቅላላ ድምሩ ሌላ አንብበው አያውቁም።

ደረሰኝ ከቤት አምጡ ማለት ግን ይቅርባችሁ። እኔ ብዬ አይቻለሁ። ግማሹ ባዶ እጁን መጣ፤ አንዱ ልጅ ከካፌ ደጃፍ የተረገጠ ደረሰኝ ለቅሞ አመጣ። ካፌ የማይገባ ቤተሰብ እንዳለ ማሰብ ነበረብኝ። አሁን መምህራን ማረፊያ ክፍል የጫማ ካርቶን አስቀምጫለሁ፤ ባልደረቦቼ የምሳቸውን ደረሰኝ ይጥሉልኛል።

3. መመዘኛውን ጻፉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

መጀመሪያ ዓመት ሥራውን ለቤት ሰጠሁና ከአሥር አረምኩት፦ ይዘት 4፣ አቀራረብ 3፣ ንጽሕና 3። በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ባለ ቀለም ሽፋን፣ ጥራዙ በስፓይራል የታሰረ ሥራ መጣልኝ። ዘጠኝና አሥር ሰጠሁ። ኋላ ስጠይቅ ሰባቱ ሥራ አራት ኪሎ ካለ አንድ ኮምፒውተር ቤት ነው የወጣው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳይቀር አንድ ነው። ልጆቹን ሳይሆን የኮምፒውተር ቤቱን ሠራተኛ ነበር ለካ ያረምኩት።

የባሰው ሌላው ነው። አንዲት ተማሪ ከደብተሯ በተቀደደ ወረቀት፣ ጠርዙ እንደተሸረፈ፣ ሁለት መስመር ጽፋ ሰጠችኝ፦ «3 ብሩ የአስተናጋጁ 20 ብር ቫት ነው። ቫቱ ከምግቡ ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም ድምር ላይ ነው የሚወሰደው።» ከ52ቱ ነገሩን እንዲህ አጥርታ ያየች እሷ ብቻ ናት። አምስት ተኩል ሰጠኋት። ወረቀቱን ይዛ መጥታ «ቲቸር፣ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ለአቀራረብና ለንጽሕና ስድስት ማርክ የመደብኩት እኔ፣ ያንንም ለማንም ያልነገርኩት እኔ።

ስለዚህ «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «አጥጋቢ» የሚሉትን ቃላት ከመመዘኛችሁ አውጡ። ወረቀቱ ላይ በዓይን የሚታየውን ጻፉ። የእኔ ሰንጠረዥ አሁን ሦስት ረድፍ አለው። የመጀመሪያው «መነሻ» ነው፣ 4 ማርክ፦ 10%ን ከ200፣ 15%ን ከ220 ላይ ያሰላ 4፤ ሁለቱንም ከ200 ላይ ያሰላ 2፤ መልሱን ብቻ የጻፈ 1። ሁለተኛው «ማስረዳት»፣ እሱም 4፦ 3 ብሩ የ20 ብሩ 15% መሆኑን ያልተማረ ሰው እንኳ በሚገባው አነጋገር የጻፈ 4፤ ስሌቱን ደርድሮ ምክንያቱን የተወ 2። ሦስተኛው «ማረጋገጥ»፣ 2፦ ከ253 ተነስቶ ለ1.15፣ ከዚያ ለ1.1 አካፍሎ 200 ላይ የደረሰ። የ115 ብሩ ደረሰኝ ያጋለጠው ጉድ የሚታረመው በዚህ ረድፍ ነው፤ ስለዚህ ለማሳጠር ብላችሁ እንዳትቆርጡት። ለንጽሕና ምንም አልመደብኩም። ከተነበበ ይበቃኛል።

ሰንጠረዡ መሥራቱን የማውቀው ሁለት ወረቀት እኔ አርሜ፣ እነዚያኑ ወረቀቶች ማርኬን ሳላሳይ ለሌላ የሒሳብ መምህር በመስጠት ነው። ልዩነታችን ከአንድ ማርክ ከበለጠ ጥፋቱ የሰንጠረዡ ቃላት ነው፤ እንደገና እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ በሦስት ተለያየንና «አስረድቷል» የሚለውን ቃል እሱ በአንድ መንገድ፣ እኔ በሌላ እንደምንረዳው ያን ቀን አወቅን።

ከዚያ ሰንጠረዡን፣ መልሱን የሚያሳዩትን ቁጥሮች አውጥታችሁ፣ ለተማሪዎቹ ስጡ፤ ሥራውን ከመስጠታችሁ በፊት። መለጠፍ ብቻ አይበቃም፣ አያነቡትም። እኔ ሁለት የውሸት ደብዳቤ ራሴ እጽፋለሁ፤ አንዱ አምሮ የተጻፈ ባዶ፣ ሌላው የተጨማለቀ ግን ትክክል። (የእውነተኛ ተማሪ ሥራ አታድርጉት፤ የእጅ ጽሑፉን ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል።) ርዕሱን ግን እቀይረዋለሁ፣ የጫማ ቅናሽ አደርገዋለሁ፤ አለበለዚያ መልሱን ሰጠኋቸው ማለት ነው። በሰንጠረዡ ራሳቸው ያርሙታል። ያንን ያማረውን ባዶ ደብዳቤ መጀመሪያ 9 የሰጡት ልጆች ረድፉን እያነበቡ ወደ 3 ሲያወርዱት ማየት ነው። ሙሉ 40 ደቂቃ ይበላል። ይብላ፤ ከምዕራፉ ክፍለ ጊዜያት ብዙ የሚማሩበት ይሄኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

4 እና 5። ክፍል ውስጥ አሠሩ፣ እየዞራችሁ ጠይቁ። ለቤት የማልሰጠው በኮምፒውተር ቤቱ ምክንያት ብቻ አይደለም። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ተማሪዎች አሉኝ፤ አሁንም እዚሁ ነው የሚማሩት። በአውቶቡስ ቤታቸው ሲደርሱ መሽቷል። ካልኩሌተር እፈቅዳለሁ፤ የምመዝነው ማካፈል መቻላቸውን አይደለም። ስልክ አልፈቅድም።

በቡድን ይወያዩ፣ በተናጠል ይጻፉ። አንድ ለአምስት አደራጅታችሁ አንድ ወረቀት ብትቀበሉ መሪዋ ትሠራለች፣ ሌሎቹ ስማቸውን ይጽፋሉ። ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሁሉንም በቃል ልጠይቅ ካላችሁ ግን ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ፦ 52 ተማሪ በ2 ደቂቃ 104 ደቂቃ ነው፤ ከሁለት ክፍለ ጊዜ ተኩል በላይ። አይሆንም። ሲጽፉ በየወንበሩ እየዞርኩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ለዘጠኝ አሥር ልጆች አንድ ጥያቄ ብቻ አነሳለሁ፦ «ምግቡ 300 ቢሆንስ?» 379 ብር ከ50 ካለ ወይም ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ከነገረኝ ስም ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። በመጀመሪያው ዙር ዝም የሚሉትን ነው የማስቀድመው፤ ጎበዞቹ እጃቸውን እያወጡ ቢያስቸግሩም።

6. ማርኩን አዘግዩት። ተመራማሪዋ ሩት በትለር በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተማሪዎች ተሻሽለው፣ ማርክም አስተያየትም የተሰጣቸው ግን አልተሻሻሉም። ተማሪ ማርኩን ሲያይ ሌላውን እንደማያነብ ለማወቅ ጥናትም አያስፈልግ፤ ወረቀት የመለሰ መምህር ያውቀዋል። ለ52 ሰው አስተያየት መጻፍ እጅ ያዝላል፤ ስለዚህ ችግሩ ያለበትን ረድፍ ስም፣ «መነሻ» ወይም «ማስረዳት» ብዬ፣ አክብቤ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። «15%ቱን ከየትኛው ብር ላይ ነው የወሰድከው?» በማግስቱ አስተካክሎ ይመልስልኛል። ከዚያ ነው ማርክ የምሰጠው።

7. ሮስተር ላይ ይግባ። የአንድ ኩዊዝን ቦታ ነው የሚይዘው፤ ቀድማችሁ ለዲፓርትመንት ተጠሪው ንገሩት፣ በኋላ «ይህ 10 ማርክ ምንድን ነው?» እንዳይመጣባችሁ። ኩዊዞቹን ጨርሳችሁ አትጣሉ። ልጆቹ 8ኛ ክፍል ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ እዚያ የሚጠየቁት ምርጫ ነው።

ደረሰኞቹን በተመለከተ፦ ሰኔ ላይ ካርቶኔን በፕላስተር አሽጌ ለሚቀጥለው ዓመት ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። መስከረም ስከፍተው ግማሹ ነጭ ወረቀት ሆኗል፤ የካሽ ሬጅስተር ቀለም ይጠፋል። እንደደረሳችሁ ፎቶ ኮፒ አድርጓቸው።